ሻሽ የምትልሰው ቆዳ

ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.። ጠዋት ውርጭ ነበር፤ ሜዳውን ነጭ አድርጎት አደረ። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጣች፣ ከቀትር በኋላ ከሊማሊሞ በኩል ነፋስ ተነሣ። በግቢያችን የነበሩት እናትህ እማሆይ ጥሩነሽ፣ እኅትህ ብርቄ ከነባሏ፣ የንስሐ አባታችን፣ ከደባርቅ የመጣው ሰይድ፣ የአዲሱ መንደር ጎረቤቶችና ከዳባት በእግሩ የመጣው ዘመድ ሁሉ ናቸው። አንተም ነበርክ ለማለት አልችልም። የነበረው ጋቢህ፣ ዱላህና ያ ክርኑ ላይ የጣፍኩልህ ኮትህ ነው።

ይርጋ ጌታዬ፣ እንደምን ከርመሃል ብዬ አልጠይቅህም። ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ። በሰው ፊት አንቱ፣ በቤታችን ውስጥ አንተ እልህ ነበር፤ አሁን ሰዉ ተበትኗል፣ እናትህም ውጭ ግድግዳ ተጠግተው የቀረችውን ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ስለዚህ አንተ እልሃለሁ። የምጽፍበት እርሳስ ያንተው ነው። ፊደል የለየሁትም አንተ ከገበያ ጨውና ስኳር ተጠቅልሎባቸው በምታመጣቸው የጋዜጣ ቁራጮች ላይ ስለሆነ፣ አጻጻፌ ቁርጥርጥ ቢል አትታዘበኝ። በሰው ፊት ሙሾ ማውጣት እንደማልችል ታውቃለህ። በለቅሶው ላይ ያላልኩህን እዚህ ልበልህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። ቤታችን ከቦታው ተነሥቷል። ሰዉ ሁሉ በአንድ መንደር ይሰብሰብ ተብሎ ባለፈው በጋ አፍርሰን ወረድን። በሩንና ደኅና ደኅናውን ምሰሶ ይዘን መጣን፤ የቀረውን ምስጥ በልቶት ስለነበር ተውነው። አሁን ቤቶቹ እንደ ወታደር ተሰልፈው ቆመዋል። ብርቄ «ሰክሮ የመጣ ባል የጎረቤት ቤት ቢገባ ኃጢአት የለበትም፤ ሁሉም አንድ ነው» እያለች ታስቃለች። እኔ ግን ስናፈርስ የማስበው አንተን ነበር። ብትመጣ ባዶ መሬት እንዳታገኝ ለሰይድም ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛም «ይርጋ ከመጣ ወደ ታች ውረድ፣ ከባሕር ዛፉ ቀጥሎ ያለው ቤት ነው በሉት» ብዬ አደራ አልኩ። ዘበኛው ባየኝ ቁጥር ገና ሳልጠይቀው ራሱን ይነቀንቅልኝ ነበር።

ልጃችን እናኑ መካነ ብርሃን ከተማ ባሏ ዘንድ አራስ ናት። ወንድ ወልዳለች። አራስ ለቅሶ አይደርስምና ዛሬ አልመጣችም፤ ወሬውን ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ ብያለሁ። አሮጌው በሬ ባለፈው ክረምት ሞተ። ድንቹ ዘንድሮ ደኅና ነው፣ ገብሱን ግን በረዶ መታው።

አንተ የሄድክበትን ቀን ታውቀዋለህ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ልንገርህ። በቅሎ ያለው ሁሉ ለሠራዊቱ ስንቅ ይጫን ተብሎ ሁለቱን በቅሎዎች ይዘህ ስትወርድ «ለጥቂት ቀን ነው» ብለኸኝ ነበር። አብረውህ የወረዱት ተመለሱ። አንተና በቅሎዎቹ አልተመለሳችሁም። አብሮህ የወረደው ሰይድ መጣና ደጅ ላይ ቆመ፤ ግባ ብለው እምቢ አለኝ። እዚያው እንደቆመ ነገረኝ።

«እቴ፣ ቆላ ላይ ወባ ያዘው። ከዛሪማ ወዲያ አንድ ሰው ቤት አስተኝተነው አለፍን፤ እንቁም ብንል ማን ይሰማናል? ስንመለስ ቤቱ ኦና ነው፣ ሰዎቹ ሸሽተዋል። አንዲት አሮጊት ‹ያ የታመመው ሰውዬ ሞቶ ተቀብሯል› አለችን። መቃብሩን አሳዪን ብንላት ‹እኔ ምኑን አውቄ› አለች። ዓይኔ ያየው ይኸን ነው። ያላየሁትን አየሁ ብልሽ አላህ ይጠይቀኛል።»

የሰይድን እውነተኛነት ታውቃለህ። ያ እውነተኛነቱ ነው የጎዳኝ። «ቀበርኩት» ቢለኝ በዚያው ቀን አለቅስ ነበር። «አላየሁም» ሲለኝ ግን ያንን ቃል ይዤ ቀረሁ።

እማሆይ ወዲያው ለቅሶ እንቀመጥ አሉ። አስከሬኑ ላልተገኘ ሰው ልብሱ አልጋ ላይ ተዘርግቶ እንደሚለቀስ አንተም ታውቃለህ። «ልጄ ያለ ፍትሐት ቆላ ወድቆ ቀርቶ እኔ እህል ልቅመስ?» አሉ። እኔ እምቢ አልኩ። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው አልኳቸው። ልብስህ ያለበትን ሳጥን ቆልፌ ቁልፉን በማተቤ ላይ አሰርኩት። እኔ ካልከፈትኩ የሚዘረጋ ልብስ የለም፤ የሚዘረጋ ልብስ ከሌለ ለቅሶ የለም።

በጃናሞራ በኩል ሞተ ተብሎ የተለቀሰለት አንድ ሰውዬ ነበር ይባላል። በተዝካሩ ቀን ድንገት ደርሶ «የማን ተዝካር ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ስሙን ሲነግሩት ዝም ብሎ ተቀመጠና ጠግቦ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ከዚያ በኋላ ራሱን ገለጠ። ይህን ለእማሆይ ስነግራቸው ብርቄ ሰምታ «እንግዲያውስ ጠላ እንጥመቅለት፤ ይርጋ ሽታው ከደረሰው ከየትም ይመጣል» አለች። እማሆይ ተቆጧት። እኔ ሳቅሁ፤ ግን የቀልድ ወሬውን እንደ ምስክር ቃል ይዤ ተቀመጥኩ።

እንዲህ ሆኜ መኖር እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ገበያ ስሄድ ሴቶቹ እንዴት እንደሚያነጋግሩኝ ይጠፋቸዋል። እግዜር ያጽናሽ እንዳይሉኝ ለቅሶ የለም፤ ባልሽ ደኅና ነው እንዳይሉኝ ባል የለም። ስለ በርበሬው አውርተን እንለያያለን። በቤትም ከእናትህ ጋር ያለን ንግግር «ውኃ አለ?»ና «እሳቱን ቆስቁሺው» ብቻ ሆነ። እሳቸው በየቀኑ ሲያንሱ አያቸዋለሁ። አንድ ቀን ለብርቄ «እኔ ሳልቀብረው ልሞት ነው» ሲሏት በግድግዳው በኩል ሰማኋቸው። ሰምቼም ቁልፉን አልፈታሁም። እንባም አልመጣልኝም። እንባዬ አንተ እስክትመጣ ወይም አንድ ሰው ቀበርኩት እስኪለኝ የሚጠብቅ ይመስል ደረቴ ላይ ተቀመጠ።

እንግዲህ የሻሽን ነገር ስማ። ሻሽን ታውቃታለህ፤ ግንባሯ ነጭ የሆነው፣ አባቴ በሰርጋችን ከሰጠን ላም የተወለደችው። ኅዳር ላይ ወለደች፤ እንደሷው ግንባረ ነጭ ወንድ ጥጃ። ጥቂት ጊዜ ደኅና ሲቦርቅ ሰነበተና አንድ ቀን ከጅረቱ ማዶ ሜዳ ላይ ሆዱ ተነፋ። እኛ እስክንደርስ ሞተ። የብርቄ ባል እዚያው ገፈፈው፤ ሥጋውን ለአሞራ ተወው።

ጥጃ የሞተባት ላም ወተቷን ትይዛለች፤ አትታለብም። ስለዚህ እንደ ወጉ አደረግን። ቆዳውን በጨው አሽተን፣ አድርቀን፣ ጭድ ሞልተን ሰፋነው፤ እግሮቹን በእንጨት አቆምናቸው። ማታ ሻሽ ስትገባ ከፊቷ አስቀመጥኩላት። ጡቷ አጋቶ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነበር። አሸተተችው። ከጭራው ጀምራ እስከ ጆሮው ላሰችው። ከዚያ ለቀቀች፤ ማለቢያው እስከ አፉ ሞላ። ብርቄ በሩ ላይ ቆማ «አወይ ላም! እኔም ባሌን እንዲህ ጭድ ሞልቼ ባቆምኩት፤ አይጠጣ፣ አይሳደብ» አለች። ባሏ ከኋላዋ ሆኖ «ጭዱንስ ማን ያጭድልሽ ነበር?» አላት።

እኔም ሳልባት አዘንኩላት። ጭድ ልጇ መስሏት ነው፣ እንስሳ በመሆኗ ተታለለች አልኩ። ብርቄም «ላም ምን ታውቃለች?» አለች። ሁላችንም እንዲህ ነው የምናስበው፤ ከአያቶቻችን ጀምሮ ይህን የምናደርገው እሷን ለማታለል እንደሆነ ነው የተነገረን።

ከዚያ ሻሽ ቀን ቀን ከከብቶቹ እየተለየች መጥፋት ጀመረች። የጠፋችበትን ለማየት አንድ ቀን ተከተልኳት። ጅረቱን ተሻገረች። በቀጥታ ጥጃው ወደወደቀበት ቦታ ሄደች። አጥንቱን አሞራ በትኖታል፤ ደም የነካው አፈር ግን ነበር። አፈሩን አሸተተች፣ በቀንዷ ቆፈረችው፣ ከዚያ አንገቷን ዘርግታ ጮኸች። ላም ጥጃዋን ስትጣራ የምታሰማውን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ አጭር ነው፣ አቋርጣ ታዳምጣለች። ይህ ረጅም ነበር፤ ጮኻም አላዳመጠችም። የጎረቤት ላሞች ሰምተው መጡ። አፈሩን ከበው አሸተቱ፣ እነሱም ተራ በተራ ጮኹ። ከዚያ ወደ ግጦሻቸው ተመለሱ። ለቅሶ ደርሰው የሚሄዱ ሴቶችን ይመስሉ ነበር።

እንግዲያው የልጇን መሞት ታውቃለች አልኩ። ዛሬ ማታ ቆዳውን ሳቀርብላት ትረግጠዋለች ብዬ ፈራሁ። ማታ አቀረብኩላት። እንደ ወትሮዋ ከጭራው ጀምራ ላሰችው፤ ወተቷን ለቀቀች። በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ አየኋት። ቀን ከጅረቱ ማዶ ትጮኻለች፣ ማታ ቆዳውን ትልሳለች።

ይርጋ፣ ሻሽ አልተታለለችም። ጥጃዋ የት እንደሞተ ከማናችንም ይልቅ ታውቃለች። ያቆምኩላት ነገር ጭድ እንደሆነም ታውቃለች፤ ጭድ በየቀኑ የምትበላው ነገር ነው። ሽታው ግን የልጇ ነው። ጡቷ የያዘውን የምትለቅበት ሌላ ነገር የላትም። ካልለቀቀችው ይቆስላል።

እዚህ ላይ እኔና አንተ ያልጨረስነው ክርክር አለን። ተራራ የሚያዩ እንግዶች በበቅሎ ይዘህ ወደ ጨነቅ ስትመላለስ በነበረ ጊዜ አንድ ቀን መጥተህ ስለዚያች ጭላዳ ዝንጀሮ ነግረኸኝ ነበር። የሞተ ልጇን ተሸክማ ትዞራለች አልከኝ። «ደርቆ እንደ ቋንጣ ሆኗል። ስትግጥ ታስቀምጠዋለች፣ ስትነሣ ታነሣዋለች። ምስኪን፣ መሞቱን አላወቀችም።» እኔ ታውቃለች አልኩህ። «ካወቀች ታዲያ ለምን ትሸከመዋለች?» ብለህ አፋጠጥከኝ። አንተም «ይኸውልሽ!» ብለህ፣ እንደረታ ሰው ተጎማልለህ፣ ለበቅሎዎቹ ገብስ ልትሰጥ ወጣህ።

አሁን መልሱን አግኝቻለሁ። ማወቅ የአንድ ጊዜ ነገር ነው፤ መተው ግን ቀን ይፈልጋል። ያቺ ጭላዳ የምትሸከመው ሕያው መስሏት አይደለም። ገና አልጨረሰችም፤ ስትጨርስ ታስቀምጠዋለች። እኛ ሰዎች ሁለቱን አንድ አድርገን እናያለን። የያዘ ሁሉ አላወቀም፣ ያወቀ ሁሉ ይተው እንላለን። እኔም ልብስህን ዘርግቼ ባለቅስ ሞትህን እኔ የፈረድኩብህ ይመስለኝ ነበር። ግን ቆዳውን የሞላነው ጥጃው ከሞተ በኋላ ነው፤ ጥጃውን የገደለው ቆዳው አይደለም።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ከላም ተማርኩ ብል ብርቄ እስከ ፋሲካ ትስቅብኝ ነበር። አንድ ማታ ሻሽን አልቤ ስገባ ቁልፉን ከማተቤ ፈትቼ እማሆይ እጅ ላይ አኖርኩት። ቁልፉን ገልብጠው አዩትና «ምን ሰማሽ?» አሉኝ።

«ምንም አልሰማሁም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ልብሱ ይውጣ» አልኩ።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ሁለት ክረምት አስጠብቄያቸዋለሁና። «ጥምቀት ይለፍ» ብቻ አሉ። «በበዓል አይለቀስም።»

ጥምቀት አለፈና ዛሬ ሆነ። አልጋውን ደጅ አውጥተን ጋቢህን ዘረጋን፣ ኮትህን በላዩ፣ ዱላህን በጎኑ። የንስሐ አባታችን ፍትሐቱን አደረሱ። አልቃሿ ከዳባት የመጣች ናት፤ አታውቅህም፣ ግን አየት አድርጋ እንዲህ አለች፦

ጋቢው እዚህ አለ፣ ዱላው እዚህ አለ፤
ባለቤቱ ብቻ ቆላ ወርዶ ዋለ።

ሰዉ ተንጫጫ። ሰይድ ከወንዶቹ ጋር ቆሞ ነበር። ሲመጣ በሩ ላይ ይዞኝ «እቴ፣ ዛሬም አላየሁም። ለወንድሜ ማልቀስ ግን አያቅተኝም» አለኝ። አለቀሰም።

እኔ መጀመሪያ እንደ እንጨት ቆምኩ። ሴቶቹ እርስ በርስ ሲተያዩ አየኋቸው። ከዚያ ነፋሱ ኮትህን ከአልጋው ገፈፈውና ሳይወድቅ ያዝኩት። አንገቱን አሸተትኩት። የበቅሎ ላብ ይሸታል። ሁለት ክረምት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ያ ሽታ አልወጣም። እዚያ ላይ አለቀስኩ። ምን ብዬ እንዳለቀስኩ አላውቅም። ብርቄ በኋላ ዓይኗን እየጠረገች «አንቺ፣ እስከ ዛሬ ድምፅ ያለሽ አይመስለኝም ነበር» አለችኝ።

ሲበቃኝ ራበኝ። ይህን ስነግርህ አላፍርም። ጎረቤቶች ንፍሮ አምጥተው ነበር። እማሆይ አጠገቤ ተቀምጠው ሰሐኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «ብዪ ልጄ» አሉኝ። ልጄ ብለው ከጠሩኝ ሁለት ክረምት ሆኗቸዋል። እሳቸውም በሉ። አንድ ሰው የያዘውን ሲለቅ አጠገቡ ያለውም የሚለቅ ይመስለኛል።

ምናልባት በሕይወት ትኖር ይሆናል የሚለው ሐሳብ ጨርሶ አልወጣልኝም፤ ልዋሽህ አልችልም። ከመጣህ ተዝካርህን አብረን እንበላለን፤ ያን ጊዜ ብርቄ በእኔም በአንተም ትሳቅ። ከእንግዲህ ግን በሩን የማየው ነፋስ ሲከፍተው ለመዝጋት ነው።

አልረሳህም ማለት ቀላል ነው፤ ሁሉም ይለዋል። እኔ የማደርገውን ልንገርህ። የእናኑ ልጅ አድጎ በቅሎ መጫን ሲጀምር፣ ከመጫኑ በፊት ቁስል እንዳላት ለማየት ጀርባዋን በመዳፉ እንዲዳብሳት አስተምረዋለሁ። «አያትህ እንዲህ ያደርግ ነበር» እለዋለሁ። ስምህን በየዓመቱ ጥር ላይ አስጠራለሁ። ሰው ስለ አንተ ሲያወራ ቁጡ እንደነበርክም፣ ስትሳሳት እንደማትመለስም አልደብቅም፤ ደግ ደጉ ብቻ የሚወራለት ሰው አንተ አትሆንም።

ፀሐይዋ ገባች፤ እማሆይን ላስገባቸው።

ጥር ፲፭። ትናንት ያልጨረስኩትን ልጨርስ። ዛሬ ውርጭ የለም፤ ጉም ነው። ማልጄ ተነሥቼ ሻሽን አለብኩ። እማሆይ በምላጭ ራሴን ላጩኝ፤ አንድም ቦታ አልቆረጡኝም። ቀሚሴን ጥቁር አቅልሜ አጥሩ ላይ ሰጣሁ። ሰይድ በጎረቤት አድሮ ስለነበር በቅሎውን ሊጭን ሲታገል አየሁት፤ መጫኛው ተበጣጥሶ በገመድ ቀጣጥሎታል። ከማገሩ ላይ ያንተን መጫኛ አወረድኩ፣ ያንን ከወይፈን ቆዳ ጠፍረህ በቅቤ ያለዘብከውን፤ ወስጄ ሰጠሁት። ተቀበለኝና ከልማድ የተነሣ «ይርጋ ሲመለስስ?» አለ። ወዲያው ደነገጠ።

«አይመለስም፣ ሰይድ» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። ጭነቱን በመጫኛህ ጠፈረው፤ እኔም በወዲያኛው በኩል ሆኜ ጫፉን ሳብኩለት። በደባርቅ መንገድ ጉሙ ውስጥ እስኪገባ አየሁት። ከዚያ ተመልሼ ግቢውን ጠረግኩ፣ ሰሌን አነጠፍኩና ከበረዶ የተረፈውን ገብስ ሰጣሁ።